የባለቤቴ የፊት ብሩሾች

ሰኞ

ይህ ደብተር የቀለም ቅልቅል የምጽፍበት ነበር። ለየትኛው ቤት የትኛው ቀለም፣ ለሳሎኑ ምን ያህል ነጭ፣ ለበሩ ምን ያህል ቡናማ። መሰላል መውጣት ከተውኩ ወዲህ ግማሹ ባዶ ቀረ። ወረቀት መጣል አልወድም። ጽሕፈቴን ያየ ዶሮ የጫረችው ይለዋል፤ ይበል። የማነበው እኔ ነኝ።

ዛሬ ልጄ መጥታ ነበር። ዣንጥላዋን በሩ ላይ አራገፈች፣ ገና ሳትቀመጥ «አባዬ፣ የእማዬን ብሩሾች ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። ልወስድ! እስቲ ልጠይቅህ የለ፣ ፈቃድህ ከሆነ የለ።

«የትም አይሄዱም» አልኳት።

«እማዬ እኮ ለእኔ ነው ያለችው። አንተም እዚያው አጠገቧ ነበርክ።»

እኔ አልሰማሁም። አጠገቧ ነበርኩ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ያን ቀን ብዙ ነገር ነበር የሚባለው። ሐኪሙ ይናገራል፣ ነርሷ ትናገራለች፣ ጎረቤት ያለቅሳል። ሰው ሁሉን እንዴት ይሰማል?

ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ብርጭቆውን አላነሣሁትም።

ረቡዕ

ዝናብ። ግድግዳው ላብ አልቦታል። ራሴ የቀባሁት ግድግዳ ነው፤ እርጥበቱ ከውጭ ነው እንጂ የቀለሙ ጥፋት አይደለም።

የብሩሾቹን ሳጥን ከፈትኩት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ክዳኑን ሳነሣ የዱቄቷ ሽታ ወጣ። ቶሎ ዘጋሁት።

ከምሳ በኋላ እንደገና ከፈትኩት። ትልቋ ላይ እንደ አመድ ያለ ሻጋታ አየሁ። ልጄ ብታየው «አባዬ አበላሸው» ልትል ነው። ሁሉንም አወጣሁና አጠብኳቸው። በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና። እምቢ ያለውን በአኳራጅ። የዘይት ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር የከንፈር ቀለም ያቅተዋል? አላቃተውም። ዕድሜዬን ሙሉ ብሩሽ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእኔን ብሩሽ የወሰደ ሰው ሁሉ «አዲስ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጠጉራቸውን ወደ ላይ አድርጌ በባዶ የቀለም ጣሳ አቆምኳቸው። እንደ ወታደር ተሰልፈው ሲታዩ ያምራሉ።

ሽታዋም አብሮ ሄደ። ንጹሕ ማለት ያ ነው እንግዲህ።

ዓርብ ማታ

ግንበኛው መጣ። እሱ ሲገነባ እኔ ስቀባ ነው ያረጀነው። አንተ አጣመህ ትሠራለህ፣ እኔ በቀለም አቀናልሃለሁ እያልኩ ስሰድበው ነው የኖርኩት። በሩን ከፍቶ ገና ሳይገባ ጣሳውን አየ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድነው? በስተርጅና መኳኳል ጀመርክ?»

«የባለቤቴ ናቸው። አፍህን ሰብስብ።»

«እኔማ ልታገባ መስሎኝ ነው። ጉንጭህን ቀላ ቀላ አድርገህ…»

«ቀለም ፊትን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ያንተን ድሮ በቀባሁልህ። ሁለት እጅ፣ በፕላስተር።»

እስኪያስለው ሳቀ። ሳይጠይቀኝ አንዷን አነሣና በእጁ ጀርባ ላይ አስኬዳት። የእሱ እጅ እንደ ጡብ ነው፤ ሲሚንቶ በልቶታል። «ወይ ጉድ» አለ። «ይሄ ጠጉር ነው ወይስ ትንፋሽ?»

«የሽኮኮ ነው። ነጩ የፍየል። ጥቁሩ ሌላ።» እንደዚህ እያልኩ አስረዳሁት። እንዲህ ማወቄን እኔም አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ሙሽራ ኳይ ነበረች። ብሩሾቹን አንድ በአንድ ነው ያከማቸቻቸው። ተሰብስቦ በጥቅል የሚሸጠውን አትገዛም፤ «በጥቅል ከመጣ ውስጡ ደካማ አለበት» ትል ነበር። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ አንዷን ታስመጣለች፣ ሌላ ጊዜ ሌላዋን። እዚህ ከሱቅ ስትገዛ ደግሞ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ከዓይኗ ሥር ታስኬዳታለች። ከቆረቆራት ትመልሳለች። ሻጭ ፊት፣ ሰው ፊት፣ ግድ የላትም። ስም ታወጣላቸው ነበር። ትልቋ የዱቄት ብሩሽ «ደመና» ናት። ጠፍጣፋዋ «ምላስ»። ለዓይን ቆብ ጥግ የሆነችው ቀጭኗ «ሹሊት»። እኔ በዚያ ጊዜ እስቅ ነበር። በአንዷ ዋጋ ለእኔ አንድ ባልዲ ብሩሽ ይመጣል እላታለሁ። «አንተ ግድግዳህን ቅባ» ትለኛለች።

ሲወጣ ግንበኛው «ለልጅህ ብትሰጣት አይሻልም?» አለኝ።

«አንተ ምን አገባህ?»

«ምንም» አለ። ዣንጥላውን ረስቶ ሄደ።

እሑድ

ልጄ መጣች። ዛሬ አልተጣላንም፤ እስከ መጨረሻው ማለቴ ነው። ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳችኝ።

እናቷ የሠራችበት ሳሎን ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እስካሁን ጠጉር ማጠብና ጥፍር ነው ሥራዋ። ባለሳሎኗ ጠርታት «የእናትሽን ወንበር እሰጥሻለሁ። ግን የእናትሽን ዕቃ ይዘሽ ነይ። በላስቲክ ብሩሽ ሙሽራ አትኳልም» አለቻት። ዝናቡ ሲያባራ የሠርጉ ሰሞን ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ሙሽራ የትልቅ ሰው ልጅ ናት። ለእሷ የሠራችው ከተወደደላት ወንበሩ የልጄ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሴት ተራ እየጠበቀች ነው።

«ዕቃ አይደለም፣ እጅ ነው» አልኳት። «ጎበዝ ቀለም ቀቢ በጨርቅም ይቀባል።»

«አባዬ፣ ያንተ ግድግዳ ነው። የእኔ ፊት ነው።»

«ግድግዳ ፊት የለውም ያለሽ ማነው?»

ሳቀች። እንደ እናቷ ነው የምትስቀው፤ አፍንጫዋን ሰብስባ። ከዚያ «እሺ ቢያንስ ልያቸው» አለች። ገና አልደረቁም ብዬ ከለከልኳት።

«አልደረቁም? አጠብካቸው እንዴ? በምን?»

«በውሃ ነዋ! በምን ሊታጠብ ነው?»

ዓይኗ ጣሳው ላይ ነበር። ጣሳውን ወደ መኝታ ቤት ወሰድኩት።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሳጥኑን ከከለከልኳት ወዲህ በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ነው። በፊት በወር አንዴ ነበር። ይህን ያልኩት ለምንም አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው ያስተዋልኩት።

ማክሰኞ

ደመና ጠጉር ጣለች። በእጄ መዳፍ ስደባብሳት አንድ ቁንጥር ቀረ። ሌላም ብሩሽ ሞከርኩ፣ እሱም።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ጠጉር የሚጥል ብሩሽ ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው። እስከ አንገቱ፣ ጠጉሩን ከእንጨቱ እስከሚያያይዘው ቆርቆሮ ድረስ፣ ውሃ ውስጥ ታሳድረዋለህ። እንጨቱ ያብጣል፤ ሲያብጥ ጠጉሩን ይነክሰዋል። ይህን ያስተማረኝ የሥራ አለቃዬ ብሩሾቹን ለልጆቹ አውርሷል።

ሁሉንም ነከርኳቸው።

ሐሙስ

የእጀታዎቹ ጥቁር ቀለም ተሰነጣጠቀ። ርካሽ ቀለም ነው። እኔ ብቀባው ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር። ዝናቡም አለበት።

ቅዳሜ

ጠጉሩ ባሰበት። ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ምላስ አንገቷ ይነቃነቃል፤ ብትስባት ትወጣለች። አልሳብኳትም።

የጎረቤቱ ድመት ገብታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ብል ይሆናል። ብል ጠጉር ይበላል፤ የታወቀ ነው።

ኮላ ገዝቼ መጣሁ። የአናጢ ኮላ፣ በር የሚይዝ ነው፤ ብሩሽ ያቅተዋል? በክብሪት እንጨት ጫፍ አንገታቸው ውስጥ አስገባሁና በክር አሰርኳቸው። ትንሽ ፈሰሰ። ጠጉሩ ሥር ገባ። ጠረግኩት።

ሰኞ

ኮላው ደርቋል። ያዘ። ደመናን እንደ እሷ ከዓይኔ ሥር አስኬድኳት። ቧጠጠችኝ። ዓይኔ አለቀሰ፤ ከኮላው ነው።

እንግዲህ ቢያንስ ደመናን የምትመስል አንዷን ልግዛና ልተካ አልኩ። ማን ያውቃል? ኮቴን ለብሼ ጫማዬን ወልውዬ ወደ ትልቁ ሱቅ ሄድኩ። ብርሃኑ ዓይን ያወጣል። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ልጅ ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ምን ልርዳዎት? ለማን ነው?»

«ለራሴ» አልኳት። አጠገቧ ያለችው አፏን በእጇ ሸፈነች። ይሳቁ።

«የሽኮኮ ጠጉር፣ የዱቄት፣ ትልቅ፣ እጀታው ጥቁር» አልኩ። መሳቋን ተወች። ከጀርባዋ ካለ መሳቢያ አንዷን በጨርቅ ይዛ አወጣች። «አባባ፣ ያውቃሉ ማለት ነው» አለችኝ። «እጅዎን ይስጡኝ።» ሰጠኋት። በእጄ ጀርባ ላይ አስኬደችው፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ።

ባለቤቴ ሁልጊዜ አዲስ ብሩሽ ስታመጣ «እጅህን አምጣ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ቀለም ነክቶኛል» እላታለሁ። ቀለም ያልነካኝ ቀንም እንደዚያ እላታለሁ።

እጄን ሰብስቤ ዋጋውን ጠየቅኳት። ስትነግረኝ እንደገና ጠየቅኳት። ያንኑ ነገረችኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«ይሄን ጠጉር በምን ነው የሚያጥቡት?» አልኳት፤ ዝም ብዬ ነው፣ ለወሬ ያህል።

«ለዚሁ የሚሆን ሳሙና አለን። በለብታ ውሃ፣ ጫፉን ብቻ። አንገቱ ውሃ ከነካው አለቀለት፤ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ይለቃል። ሲደርቅም አይቆምም፤ ጋደም ነው የሚደረገው።»

«እናንተ ነጋዴዎች ሳሙና ለመሸጥ የማትሉት የለም» ብያት ወጣሁ።

በሩ ላይ ዝናቡ ጠበቀኝ። እስኪያባራ አልጠበቅኩም።

ረቡዕ

ዝም ብዬ ዋልኩ።

ዓርብ ማታ

ዝናቡ አቁሟል። ልጄ መጣች። ግንበኛው ዣንጥላውን ሊወስድ መጥቶ እዚህ ነበር።

«አባዬ፣ ሙሽራዋ ነገ ናት» አለች። ቆማ ነው የቀረችው። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ከሲታ ሆናለች።

ሳጥኑን አመጣሁላት። ስጥ ስጥ ስትሉኝ ነበር፤ ይኸው ሰጠሁ። አስቀድሜ አሰናድቼው ነበር፤ ያልተጎዱትን ከላይ፣ ሌሎቹን ከሥር፣ ክሩን ፈትቼ። ደመናን ብዙ አበጥሬያታለሁ። ስታያት ከሩቅ ምንም አትልም።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንዲህ አቅፋኝ የምታውቀው እናቷን በቀበርን ቀን ነው። «አባዬ፣ አላሳፍርህም» አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ግንበኛው ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ በእሱ ፊት «ብሩሽ ማጠብ አላወቅኩም» ልበል? ነገ የሰፈሩ መሳቂያ ልሁን? ደግሞ ምናልባት ደመናን አትነካት ይሆናል። ሌሎችም አሉ። ምናልባት ኮላው ይይዛል። በር የያዘ ኮላ ነው።

ከሄደች በኋላ ግንበኛው «ደግ አደረግህ» አለኝ። ዣንጥላውን አቀበልኩት።

ቅዳሜ

ሄጄ ነበር። ሳሎኑ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ክዳን ሥር ቆምኩ። በመስታወቱ ይታያል።

ደመናን አነሣቻት። ከሁሉ ቀድማ። እንዴት አታነሣት፣ እናቷ በእሷ ነበር የምትጨርሰው።

አንዴ በሙሽራዋ ጉንጭ ላይ። ሁለተኛው ላይ ሙሽራዋ ጮኸች። በሩ ክፍት ነው፣ ይሰማል። «ምንድነው የቧጠጠኝ?» ከዚያ ጠጉሩ ፊቷ ላይ ረገፈ። የብሩሿ ራስ ተነቅሎ ነጩ ልብሷ ላይ ወደቀ። የሙሽራዋ እናት አንሥታ አሸተተችው። «አኳራጅ ነው የሚሸተው! በልጄ ፊት ላይ!» የሙሽራዋ ጉንጭ ቀልቶ ነበር፤ አየሁት።

ባለሳሎኗ መጣች። «ማነው ይሄን ያጠበው?»

ልጄ ቀና አለች። በመስታወቱ አሻግራ አየችኝ። አየችኝ። እርግጠኛ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ወደ ቤት መጣሁ። በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም።

እሑድ

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ስልኩ ምናልባት ተበላሽቶ ይሆናል። ከጎረቤት አስደውዬ አየሁት፣ ይሠራል።

ማን ነይ ውሰጂ አላት? አልሰጥም ብዬ ነበር። ከመጀመሪያውም አልሰጥም ብያለሁ። ሰው ቢሰማኝ ኖሮ።

ማክሰኞ

ግንበኛው መጣ። ሲቀመጥ አልቀለደም፤ ያኔ ገባኝ። ምራቱ እዚያ ሳሎን ትሄዳለች።

«ወንበሩን ለሌላዋ ሰጡ» አለኝ። «ልጅህን ወደ ጠጉር አጠባ እንኳ አልመለሷትም። ሙሽራዋ በመሸፈኛ ነው ያገባችው ይላሉ።»

«ሰው ያወራል» አልኩት።

«አንተስ? አንተ አታወራም?»

ሻይ ልጨምርልህ አልኩት። አልጠጣም ብሎ ሄደ።

ዓርብ ማታ

ልጄ ዛሬ ሳጥኑን ይዛ መጣች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ብሩሾቹን እንደ ሬሳ አንድ በአንድ አጋደመቻቸው። የተረፉትን በአንድ በኩል፣ ያለቁትን በሌላ። ያለቁት በዝተዋል።

«ውሃ ውስጥ አሳድረሃቸዋል?» አለች።

«አይደለም።»

«አባዬ።»

«እንጨቱ ሲያብጥ ጠጉሩን ይይዛል። እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ያንተ ብሩሽ እንደዚያ ነው። ይሄኛው በማጣበቂያ ነው የተያዘው። እንጨቱ ሲያብጥ ቆርቆሮውን ይከፍተዋል።» ምላስን አንሥታ ሳበቻት፤ በቀላሉ ለሁለት ወጣች። «እማዬ እዚያ ገንዳ ላይ በየምሽቱ ስታጥብ አንተ አጠገቧ ነበር የራስህን የምታጥበው። እንዴት እንደምታጥብ አላየህም?»

«እሷም አልነገረችኝም።»

«አልጠየቅሃትማ» አለች።

ስድብ አልነበረም። ዝም ብላ ነው ያለችው፣ ሰዓት ስንት ነው እንደሚባለው።

«ለምን ‹እኔ ነኝ› አልሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበል? ውጭ የቆመው አባቴ ነው ልበል? ያ ሁሉ ሴት ዞሮ እንዲያይህ?»

የተረፉትን ጠቅልላ ወሰደች። ያለቁትን ተወቻቸው። ለመጣልም አላነሣኋቸው።

ሰኞ

ዛሬ ኮቴን ለበስኩ። ባርኔጣዬን አጠለቅኩ። ከጥዋት ጀምሬ የምለውን ሳጠና ነበር። ሳሎኑ ገባሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠጉር ማድረቂያው ሁሉ ቆመ፤ ለእኔ መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም። «ብሩሾቹን እኔ ነኝ ያበላሸኋቸው። በፈላ ውሃና በአኳራጅ አጠብኳቸው፣ ውሃ ውስጥ አሳደርኳቸው፣ በኮላ ለጠፍኳቸው። ልጄ ምንም አታውቅም። ወንበሯን መልሱላት።»

ከዚያ ባለሳሎኗ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ያዘ።

«አባቴ» አለችኝ። «እርስዎ ደግ አባት ነዎት።»

«ደግ አይደለሁም። እውነቱን ነው የምነግርሽ።»

«ይገባኛል። ለልጅ የማይባል የለም። ግን እስቲ ልጠይቅዎ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ የሴት መኳያ ብሩሽ አጥቦ ያውቃል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። አንዷ «የእኔ አባት እንዲህ ቢሆንልኝ» አለች። ሌላዋ ወንበር ሳበችልኝ። ሻይ አምጡላቸው አሉ። ሽኮኮ ነው፣ የፍየል ነው፣ አንገቱ ውሃ ሲነካው ነው እያልኩ ባስረዳሁ ቁጥር «አስጠንታቸዋለች ምስኪን» ይባባላሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ ተዋርጄ አላውቅም። ዛሬ እውነት ተናግሬ ነው። ሻይውን ጠጣሁት። ምን ላድርግ፣ ተቀድቶ ነበር።

ማክሰኞ

ልጄ ደወለች። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

«ማን ሂድ አለህ? ማን? አሁን ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? ‹ጥፋቷን ሳታምን ሽማግሌ አባቷን ልካ ታስዋሻለች› ይላሉ! በፊት አበላሸች ነበር የሚሉት። አሁን ውሸታም ሆንኩ!»

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«አውቃለሁ እውነት መሆኑን! የዘገየ እውነት ለማን ይጠቅማል?»

ዘጋችው። ወይም ተቋረጠ። ተቋረጠ መሰለኝ።

ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። ግንበኛው ሁለቴ አንኳኳ። አልከፈትኩም። «ሞተሃል?» አለ ከውጭ። «አልሞትኩም» አልኩት። «እንግዲያ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

እሑድ

ዛሬ ሄድኩ። እሷ ቤት። ሳትጠራኝ ሄጄ አላውቅም።

በሩ ክፍት ነበር። የውበት ሳሎን ወንበር የላትም፤ የወጥ ቤቷን ወንበር መስኮቱ ሥር አድርጋ አንዲት ጎረቤት አስቀምጣ ፊቷን ትሠራለች። ሴትዮዋ ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሣ ነው። እንደዚህ ነው አሁን የምትሠራው፤ አንዷን ዛሬ፣ ሌላዋን ሰንብታ። ሙሽራ የለም።

በሩ ላይ ቆምኩ። አየችኝ፤ ሥራዋን አላቆመችም። ከእናቷ ብሩሾች የተረፉት መስኮቱ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጋድመዋል። ሹሊት አለች። ጥቂት ናቸው።

ሴትዮዋ በመስታወት አይታኝ «አባትሽ ናቸው?» አለቻት።

«አጣቢዬ ናቸው» አለች ልጄ።

ሴትዮዋ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። ስድብ ይሁን ቀልድ አልገባኝም፤ እስካሁንም አልገባኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ ገባሁ።

ሥራዋን ስትጨርስ፣ ሴትዮዋም ስትወጣ፣ ልጄ በሳፋ ውሃ ቀድታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ክርኗን ነክራ ለብታውን አየች። ሳሙና አመጣች። በርጩማ አመጣች። ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ።

ወደ መስኮቱ እጄን ዘረጋሁ።

ዞር ሳትል «እነዚያን አትንካ» አለች።

ከመሳቢያዋ የላስቲክ ብሩሾችን አውጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ርካሾቹን፣ በጥቅል የሚሸጡትን።

«ከእነዚህ ጀምር» አለች።

አንዱን አነሣሁ። ጫፉን ብቻ ነከርኩ፣ ወደ ታች ይዤ። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔ የላስቲኮቹን አጠብኩ።